የእማዬ ፕላስተር ነገር

ውድ እህቴ ራይሳ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እዚያ ጣልያን የምትጦሪያቸው እማማ ቤት ደረጃ አሁንም ያስቃስትሻል ወይስ አሳንሰሩን ሠሩት? ባለፈው ስትስዪ ሰምቼሽ ነበርና ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ልጅሽ ቪዮሪካስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ዛሬም እንደ ልጅነቷ ቁርስ ሳትቀምስ ነው የምትወጣው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ወይኑ ተለቅሞ፣ ተጨምቆ በርሜል ገብቷል። ሰዉ ሁሉ ከማሳው ተመልሷል፤ የእኔ ወገብ ብቻ ገና አልተመለሰም።

እሑድ ዕለት ተቆጥተሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። መልሼ ያልደወልኩት አኩርፌ አይደለም። አንቺ ስትጮኺ እኔም እጮሃለሁ፣ እማዬ ደግሞ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የራሷን ነገር እየሰማች ባወራው ደስ አይለኝም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። "ጋሼ፣ ያ ፕላስተር ሊገድላት ነው፤ ዛሬውኑ ንቀልና የላክሁልህን ኪኒን ስጣት። እኔ የምጦራቸው እማማ ኪኒናቸውን እየዋጡ አይደለም እንዴ በካርታ የሚያሸንፉኝ?" ነበር ያልሽው። የሚያሸንፉሽ ድሮም ካርታ ስለማትችይ ነው። ቁጣሽ ግን ይገባኛል። ጎረቤታችን እትዬ ዛምፊራ ደውላ "እናትሽ ስታስመልስ ዋለች" ብላ ብትነግረኝ እኔም ካንቺ ብሼ እገኝ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ላጫውትሽ፣ ከዚያ ራስሽ ፍረጂ።

የመርሳት በሽታዋን ኪኒን በመጀመሪያው ሰሞን ደህና ትውጥልን ነበር። እያደር ግን ምላሷ ሥር ደብቃ ዞር ስንል አበባው ላይ መትፋት ጀመረች። ሌላ ቀን ደግሞ "ነገ እቆርባለሁ፣ ጾሜን አታስገድፉኝ" ብላ አፏን ትዘጋለች። ያ ነገ ሁልጊዜ ነገ ነው፤ ዛሬ ሆኖ አያውቅም። "እማዬ፣ ቁርባኑ እኮ አሁን አይደለም" ስላት "አንተ ከሃዲ፣ ቁርባን የሚከለክል የቀበሌ ሹም ነህ እንዴ?" ትለኛለች። ያን ጊዜ ነው ናዲያ ብልሃት ያገኘችው። ሚስቴ ብልሃት አገኘሁ ስትል እኔ ቀድሜ አማትባለሁ፣ ያን ዕለት ግን እኔም ተስማምቼ ነበር። ኪኒኑን በቅቤ ለውሳ የበቆሎ ገንፎው፣ ማማሊጋው ውስጥ፣ በእማዬ መቀመጫ በኩል ባለው ጠርዝ ትሸጉጠው ጀመር። እማዬ ሳታላምጥ ትውጣለች፤ እኛም ተገላገልን ብለን ተቀመጥን።

በደብራችን በዓል፣ በማርያም ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ቄሱም ነበሩ። ናዲያ ትኩሱን የበቆሎ ገንፎ ከድስቱ እንጨቱ ገበታ ላይ ገለበጠችና በእማዬ በኩል ያችን ኪኒን ሸጎጠች። በክር ልትቆርጠው ስትል እማዬ ብድግ አለች። "ክሩን ወዲህ በይ! ይሄ የባለቤቷ ሥራ ነው" አለቻት። የሁላችንን ስም ረስታለች፣ ገንፎ በክር መቁረጥን ግን እጇ አልረሳም። ክሩን ከሥር አሾልካ ወደ ላይ ስትስበው ያዝ አደረገው። ጎተተችው። ኪኒኑ ከነቀለሙ ገበታው ላይ ዱብ አለ።

አንስታ ለእንግዳው ሁሉ አሳየችው። "እናንተ ክርስቲያኖች፣ እዩልኝ! ይሄ ሰውዬ ቤቴን ሊወርስ መርዝ ያበላኛል!" አለች። ልጄ አላለችም፣ ይሄ ሰውዬ ነው ያለችው። ቄሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የወፍጮው ሽማግሌ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊወስደው ፈልጎ "አኒሲያ፣ መርዝ ከሆነማ ለእኔ ስጪኝ፣ ሚስቴ ልታበላኝ ስትፈልገው የኖረችው እሱን ነው" ቢልም አንድም ሰው አልሳቀም። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ከእኛ እጅ እህል አልቀምስም አለች። የምትበላው በቅርፊቱ ተዘግቶ የመጣ ነገር ብቻ ሆነ፤ ራሷ የላጠችው እንቁላልና ከጓሯችን ዛፍ የወደቀ፣ በራሷ ድንጋይ የሰበረችው ለውዝ። ውኃ ስሰጣት "አንተ ቅመሰው" ትለኛለች፤ ቀምሼ ስሰጣት ደግሞ ትደፋዋለች። ቀሚሷ ከትከሻዋ እስኪወርድ ከሳች። ራይሳ፣ በእንግዳ ፊት መዋረዱን ችዬዋለሁ፣ የመንደሩ ሰው ይርሳው አይርሳው ግድ የለኝም። ጡቷን ያጠባችኝ እናቴ ጉርሻዬን ስትፈራ ማየቱን ግን አልቻልኩትም። ምድር ቤት ወርጄ በርሜሎቹ መካከል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለናዲያም አልነገርኳት፣ ላንቺ ነው የምነግርሽ።

ዶክተር ኮርኔሊያን አስጠራኋቸው። የሆነውን ሁሉ ሰምተው "አንተ ሴራፊም፣ እህሉን እህል አድርጋችሁ ተዉላት። መድኃኒቱ በሌላ በር ይግባ" አሉኝ። ፕላስተሩን ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የላክሽው ኪኒን ውስጥ ያለው መድኃኒት ራሱ ነው፤ በሆድ ፈንታ በቆዳ ቀስ እያለ ይገባል። እጇ ደርሶ እንዳትነቅለው ከትከሻዋ በታች ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። "ታዲያ ያድናታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አላታልልህም፤ ኪኒንም ሆነ ፕላስተር የሄደውን አይመልስም። ከቀናችሁ መንገዱን ትንሽ ያዘገየዋል" አሉኝ። እንግዲህ አንቺ ከሐኪም በላይ ታውቂያለሽና እሱን ካንቺ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ማስመለሷ ልምጣ። በርሜል ልሸጥ ኦርሄይ ከተማ ስሄድ፣ ናዲያም ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ጠዋት ፕላስተሩን እንድትቀይርላት ለእትዬ ዛምፊራ ነገርኳት። መቼም የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ትምባሆ ስንለቅም ወገባችን ላይ የምንለጥፈው የበርበሬ ፕላስተር ራሱ እስኪወድቅ ድረስ አይነቀልም፤ የነቀለ ሰው አባካኝ ይባላል። እትዬ ዛምፊራም የትናንቱን አይታ "ይሄማ ገና ኃይል አለው" ብላ አልነካችውም፤ አዲሱን ከጎኑ ለጠፈችው። እሱ ሳያንስ "ትንሽ ይጠንክርላት" ብላ ሌላም ደረበችላት። ስመለስ እማዬን ወዟ ጠፍቶ፣ ባልዲ አቅፋ አገኘኋት። ዶክተር ኮርኔሊያ መጥተው ሁሉንም ነቅለው ጀርባዋን አጠቡ፤ የልብ ምቷን እያዩ አመሹ። እስክታገግም ድረስ ያለ ፕላስተር አቆይተው ነው በእሳቸው ትእዛዝ እንደገና የጀመርነው። እትዬ ዛምፊራ እስከ ዛሬ ታለቅሳለችና እባክሽ ደውለሽ አጽናኛት። እኔ "ቀይሪላት" አልኩ እንጂ የአሮጌው መነቀል ግዴታ መሆኑን አላስረዳኋትም፤ ጥፋቱ የፕላስተሩ አይደለም።

አሁን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። የትናንቱን ነቅዬ፣ ጀርባዋን በሙሉ አይቼ፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ላይ ነው የምለጥፈው። ክፉ ጎኑንም አልደብቅሽም፤ ቆዳዋ ይቀላል፣ ይበላታል፣ አንዳንዴም እንደ ጥጃ መቃኑ ላይ ትታከካለች። የምግብ ፍላጎቷ ግን ተመልሷል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ይብቃኝ። ጠዋት ጠዋት እጄን ምድጃው ላይ አሙቄ እሄዳለሁ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ትሰድበኛለችና። እማዬ ለበርበሬ ፕላስተር መስሏት "በል እዚህ ጋ ነው፣ ትምባሆው ነው የሰበረኝ" ትልና የቀሚሷን ቁልፍ ፈታ ትዞርልኛለች። ይገድለኛል ብሎ ለሚፈራው ሰው ማንም ጀርባውን አይሰጥም፣ ራይሳ። እሷ ግን በየጠዋቱ ትሰጠኛለች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከእኔ ሳህን ማማሊጋ ጎረሰችና "አይብ ጨምርበት፣ ስስታም!" አለችኝ። ስስታም መባል እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ ኪኒኑን አትላኪ። ሁለቱም የቀድሞዋን እማዬን ካልመለሱልን፣ ያለችውን ከእኔ የማያጣላትን መርጫለሁ። ካልተስማማሽ ከፋሲካ በፊት መጥተሽ በዓይንሽ አይተሽ ተጣዪኝ። አንቺን ሳታይ እንዳይብስባት እፈራለሁ።

ናዲያን በጣም ናፍቀሻታል፤ ስለ ብልሃቷ እንዳትስቂባት ብላለች። እትዬ ዛምፊራ አንገቷን ደፍታ ሰላም ትልሻለች። ቪዮሪካን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ቁርስ ትብላ። ለምትጦሪያቸው እማማም ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ እግዜር እጅሽን እንዳያስፈራቸው እጸልያለሁ። እማዬን "ለራይሳ ምን ልበልልሽ?" አልኳት። "ራይሳ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ። "ያንቺው ናት፤ ጣልያን አገር ሰው ቤት ትሠራለች" አልኳት። እጄን ይዛ እንዲህ አለች፦ "ሰው ቤት ነው ያለችው? እንግዲያ የሰጧትን ትብላ በላት። አትፍራ በላት።"

ወንድምሽ ሴራፊም
ኑካሪያ፣ ኦርሄይ አጠገብ
ኦክቶበር ፳