ውሃ የገባበት የማኅበር ጠላ

ናዝሬት፣ ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር። ለጽዋው የጠመቅኩትን ጠላ ለቅምሻ ብዬ ጀምሬ ብቻዬን አጋመስኩት። ጋኑ ሲጎድልብኝ ውሃ ጨመርኩበት። ማን ያውቃል ብዬ!

ማኅበርተኞቹ መጡ፣ ቀመሱ። አንድም ሰው ፊቱን አላጨማደደም። እትዬ አስካለማ "ለስለስ ያለ ነው፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ሁሉም አውቀዋል ማለት ነው። ምነው በሰደቡኝ!

ሰዉ ሲወጣ የንስሐ አባቴ ቀሩ።

"ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ።

"ዳዊት ግንባር ላይ ከሞተ ወዲህ" አልኳቸው። የልጄን ስም ከጠራሁ ቆይቻለሁ። እንባዬ መጣ።

"ለጸሎቱ እኔ አለሁ። አንቺ ግን ሰኞ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። ወንድሜን እያነጋገረች ከመጠጥ ያላቀቀችው እዚያ ያለችው ነርስ ናት። ቁጭ ብላ ትሰማሻለች። በሩ ድረስ እኔ አደርስሻለሁ።"

"እሺ አባ" አልኩ።

እንደወጡ የተረፈውን ጠላ ጓሮ ደፋሁት፣ ጋኑንም አጠብኩት። ከአልጋዬ ሥር ያለችውን የአረቄ ጠርሙስ ግን አልነካኋትም።

ሰኞ እሄዳለሁ። ግን በመሃል እሑድ አለ።