አሜሪካ ሥራ አቁሙ ያለችን ሰሞን

ሰኞ፣ ጥር 19፣ ከሰዓት
ከጎፋ ላፍቶ ታክሲ ጠፋ። ግማሹን በእግሬ። ጤ/ጣቢያ ስደርስ ነፍሰ ጡሮቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቢሯችን ግን ዝግ ነው። አስተባባሪያችን አቶ ግርማ በሩ ላይ ቆሟል። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቁማለች አለን፤ አዲሱ መንግሥቷ እስኪገመግመው ሥራ የለም። ከዛሬ ጀምሮ። ሰደርያችንንና የቢሮውን ስልክ አስረከብን። እናቶቹን ማነጋገር እንኳ ክልክል ነው። ይህን ሲል ዓይኑን አሸሸ።

ደብተሬ፣ ሥራዬን ታውቂያለሽ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እርጉዞች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲወልዱ እደግፋለሁ። ከቀጠሮ የቀሩትን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እፈልጋለሁ። እኔም ከቫይረሱ ጋር ነው የምኖረው፤ ልጄ ቃልኪዳን ግን ነፃ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ለእናቶቹ ስለሷ ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
ቤት ነኝ። ምስር ለቀምኩ። የተለቀመውን መልሼ ለቀምኩ። ዜናው አላቋረጠም፤ መጀመሪያ የራሳችን ጥቅም ብለዋል አሉ። ይሁን፣ አገራቸው ነው። ግን ወንዝ መሀል ያደረሱትን ሰው እጁን ይለቁታል?

ነርሷ ሲ/ር አልማዝ ጋ ደወልኩ። መድኃኒቱ አለ፣ የጠፋው የቀሩትን የሚፈልግ ሰው ነው አለችኝ። የስምንት ወር እርጉዟ መሠረት ትናንት አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ጥር 21፣ ማርያም
ሀና ማርያም። ሕዝቡ ለጉድ ነው። መሠረትን ግንቡ ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ አብጧል። አማቷ አጠገቧ ስለነበሩ እንደማያውቀኝ ሰው ፊቷን አዞረች። እሳቸው ጠበል ሊቀዱ ሲሄዱ ጠጋ አልኩ።

«እትዬ ብርቄ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው» አለችኝ። «ለልጁ እንዲተርፈው ብዬ።»
«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?»
«አሜሪካ አቆመች አይደል? ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው።»

ለልጇ ብላ ልጇን!

«ስሚኝ፣ መድኃኒቱ አለ። ስታቋርጪው ነው ቫይረሱ በርትቶ ወደ ልጁ የሚሄደው። ነገ ጠዋት እኔ ነኝ የምወስድሽ።»
«እናንተም ሥራ አቁማችኋል አሉ።»
«ያቆሙት እነሱ ናቸው» አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 22
ሄድን። ሲ/ር አልማዝ አልተቆጣቻትም፤ አቅፋ አስገባቻት። ደም ተወሰደላት፣ መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። ስንመለስ እጄን አለቀቀችም።

ከሰዓት አቶ ግርማ ደወለ። ብርቄ እናቶች ታገኛለች ተብሎ ተወርቷል፤ ፕሮጀክቱ ቢመለስ ወደ ሥራ የማትመለሺው አንቺ ነሽ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቷል። በጎረቤትነት ነው የሄድኩት አልኩት። «በርቺ» ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22
ቁርጡ ተነገረን። ፕሮጀክቱ አይመለስም። ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ተናደድኩ። በነሱ ብቻ አይደለም። የእናቶቻችንን ነገር ባሕር ማዶ ላለ ሰው ጥለን፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር የምንሳቀቅ እኛስ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2
መሠረት ወለደች! ሴት። ሕፃኗ የመከላከያ ሽሮፕ ጀምራለች። ነፃ መሆኗ የሚታወቀው ግን ገና በምርመራ ነው። እስከዚያ እንግዲህ...

እኔም ላፍቶ ዳቦ ቤት ሥራ ጀመርኩ። ሐሙስ አልገባም ብዬ ነው የተቀጠርኩት። ሐሙስ የእናቶች ናት። ጤ/ጣቢያው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ ያለ ሰደርያ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ነፃ ናት። ነፃ! መሠረት ወለሉ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ሲ/ር አልማዝ መስኮቱን ትጠርግ ጀመር፣ እንባዋን እንዳናይባት። እኔ ሳቅሁ። ሳቄ አልቆም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ነገ በወረዳው አዳራሽ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ ስለ ጤ/ጣቢያው። እንደ እኔ ያሉ የእናት ደጋፊዎች በራሳችን መንግሥት በጀት ይቀጠሩ ብዬ ልጠይቅ ነው። እናንተ ምን አገባችሁ ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ስለ ራሴ እናገራለሁ። በደሜ ያለውን። አከራዬ ይኖራሉ። እድርተኞቹም። እስከ ዛሬ አንዳቸውም አያውቁም።

ቀድሜ ለቃልኪዳን ሐሳቤን ነገርኳት፤ ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤት ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው። አትናገሪ ካልሽኝ እተወዋለሁ አልኳት። ወዲያው ተነስታ ነጠላዬን ከቁምሳጥን አወጣች፣ ካውያውን ሰካች።

«ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው» አለችኝ።

እሄዳለሁ።