ፍሬኑ ደህና ነው ወይ?

ይድረስ ለጥሩዬ፤

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ሰላምታዬ በምን በኩል እንደሚደርስሽ ባላውቅም ልጅሽም እኔም ደህና ነን፤ ደህና የሚለው ቃል ለኔ ትንሽ ይበዛብኛል እንጂ። ልጽፍልሽ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ዛሬ የጻፍኩት ግን ፈርቼ ነው። እኔ ባልሽ፣ ያ በፍርሃትሽ ሲስቅብሽ የኖረው ሰውዬ፣ ፈርቻለሁ ጥሩዬ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላውራሽ። አሁንም ጎሮ እዚያው ቤት ነን። ሶስና ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስሟን ስትናገር ታፏጫለች፤ እሷም እየሳቀች ደጋግማ ትጠራዋለች። ፀጉሯን የምትሠራት ጎረቤታችን ሐያት ናት፣ የሙባረክ እናት። አንቺ ታመሽ ሳለ ሾርባ ስታመላልስ የነበረችው ሐያት አሁንም እንደዚያው ናት፤ ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እሷ ቤት ከሙባረክ ጋር ነው። እኔ ተሳቢውን ትቻለሁ። ልጅቷን ለማን ጥዬ ጅቡቲ ልመላለስ? ሹፌር ሲታመም ወይ ሲቀር እየተተካሁ የሰው መኪና ስነዳ ከረምኩ።

መስከረም ሲጠባ ወንድምሽ ጌታቸው ሥራ አገኘልኝ። አቶ በላይ የሚባል ሰው አለ፤ ሚኒባሶች ገዝቶ ለተማሪዎች ሰርቪስ ያሠራል። ጠዋት ከጎሮ ልጆቹን ሰብስቦ ቦሌ ሚካኤል በኩል ያለው ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከሰዓት መመለስ፣ በቃ። ሶስናም በነፃ አብራኝ ትሄዳለች። ከዚህ የተሻለ ምን እመኛለሁ? ሰውዬው ዋስ አምጣ ሲለኝ ጌታቸው ዓይኑን ሳያሽ ፈረመልኝ። «እህቴ ብትኖር እሱን ለማን ትተወዋለህ ትለኝ ነበር» አለኝ። አንቺን ሲያነሳ ድምፁ ይሰበራል፣ ታውቂው የለ። መኪናው ላይ ለሚደርሰው ነገር ሁሉ ከኔ ቀጥሎ ተጠያቂው እሱ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ገና ከሰፈር ሳልወጣ እግሬ ነገረኝ። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ስረግጠው አይዝም፤ ሁለቴ ሲረግጡት ነው የሚነቃው። ለአቶ በላይ ነገርኩት። «ቅዳሜ ይሠራል» አለኝ። ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ወሰደው፤ ሰኞ ስረከበው የፍሬን ዘይት ተጨምሮበታል፣ ሌላው እንዳለ ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ዘይቱም ከኋላ ጎማ በኩል ያንጠባጥባል ብዬ ብደውልለት «አቦ አታካብደው፣ ትንሽ ቻል አድርገው» ብሎ ዘጋው። እኔም ቻል አደረግኩት። የጌታቸው ፊት እየታየኝ፣ የሶስና ነገር እየታየኝ፣ በእግሬ እያባበልኩ ነዳሁት።

ያኔ ስንት ጊዜ ትዝ እንዳልሽኝ! ታክሲ ልንገባ ስንል በሩን ይዘሽ ትቆሚና «ፍሬኑ ደህና ነው ወይ?» ትይ ነበር፣ በአደባባይ፣ ጮክ ብለሽ። እኔ ደግሞ የማላውቅሽ መስዬ ወደ ሌላ አያለሁ። አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ላይ ረዳቱ «ማዘር፣ ፍሬን እንኳ የለንም፣ በጸሎት ነው የምንቆመው» ሲልሽ ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ግን ቦርሳሽን ብብትሽ ውስጥ ወተፍሽና ወረድሽ፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ተከተልኩሽ። «የፈሪ እናት አታለቅስም» አልሽኝ። ተሳቢው ላይ ወደ አዋሽ ይዤሽ ስወርድማ ጋቢና ውስጥ ሆነሽ በሁለት እግርሽ ባዶውን ወለል ትረግጪ ነበር። ምን እየረገጥሽ ነው ብልሽ «እያገዝኩህ ነዋ!» አልሽኝ። ያንን ቀልድ ስንት ሹፌር መሀል አውርቼ አስቄበታለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ልጆቹን ሞልቼ ቁልቁለቱን ስወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ባዶ። ከፊቴ አስፋልቱን የሚሻገር ሰው አለ። ከኋላዬ ልጆቹ እየዘፈኑ ነው። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣ መሪውን ሕንፃ ሠሪዎች ከመንገዱ ዳር ወደከመሩት አሸዋ መለስኩት። ሚኒባሱ አሸዋው ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ቆመ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ሙባረክ «ድገመው!» ይላል። ዞር ብዬ ሶስናን ሳያት ጋቢና ውስጥ በሁለት እግሯ ወለሉን ግጥም አድርጋ ረግጣለች። ማንም አላስተማራትም ጥሩዬ። ያንቺን እግር ነው ያየሁት።

ልጆቹን አውርጄ እጅ ለእጅ አያያዝኳቸውና በእግራችን ትምህርት ቤት አደረስኳቸው። ከዚያ ቁልፉን ለአቶ በላይ መለስኩ። ይህን መኪና አልነዳም፣ ማንም አይንዳው አልኩት። ሳቀ። «ጅቡቲ ተመላልሻለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህ? ለካ ፈሪ ነህ» አለኝ። ልወጣ ስል ግን ሳቁን አቆመ። ወሬ አውጥቼ ሥራው ቢቆምበት መኪናውን ያበላሸው ይህ ሹፌር ነው ብሎ ዋሴን እንደሚከስ ነገረኝ። ጌታቸውን በስሙ ጠራው፣ የሚሠራበትንም ቢሮ ጠራው። ለወላጆቹ ሳልናገር ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ የምፈራውን ስሚኝ። እኔ ወጣሁ፣ ሶስናን አስወጣሁ። መኪናው ግን አልቆመም። በማግስቱ ሌላ ሹፌር ተቀጥሮ ደጃችን ላይ ጡሩምባ ነፋ፣ ሙባረክም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁት። ሐያት፣ ሶስና ዛሬ አትሄድም ወይ ስትለኝ ጉንፋን ይዟታል አልኳት። ጉንፋን! ለዚያች ሴት! ልጄን በታክሲ ወስጄ እመለሳለሁ፣ ከሰዓት ሙባረክ በሰላም እስኪገባ ግን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። አምቡላንስ ሲጮህ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። ሰው ከት ብሎ ሲስቅ እንኳ ጩኸት መስሎኝ እወጣለሁ። ጌታቸውን ላድን የጎረቤቴን ልጅ ለቁልቁለት ሰጠሁ? ወይስ ወሬ አውጥቼ የወንድምሽን ቤት ላፈርስ? ግራ ገባኝ። ሥራ ለቀቅኩ ማለት ከነገሩ ወጣሁ ማለት መስሎኝ ነበር። ምን ወጣሁ!

ትናንት ከሰዓት ሚኒባሱ ዘገየ። ትንሽ ነው የዘገየው፣ መንገዱ ተዘግቶ ኖሯል። ሐያት በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ምንም አልመሰላትም። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሙባረክ ሲወርድ ካየሁት በኋላ ማልቀስ ጀመርኩ። ሐያት ሰፌዱን አስቀምጣ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጉንፋኑንም ጭምር።

ሰማችኝና ምን አለች መሰለሽ? አቶ በላይ ለወላጆቹ ሁሉ ደውሎ «ሹፌሩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አሸዋ ውስጥ የከተታቸው እሱ ነው፣ ቀይሬዋለሁ» ብሏቸው ኖሯል። በሞትሽ ነገደብኝ! እሷ ግን ያፍራል ብላ አልጠየቀችኝም። ከራስህ አፍ እስክሰማ ስጠብቅ ነበር አለችኝ። ከዚያ ተቆጣች፣ አይ ቁጣ! ለኔ ልጅ ለምን ጉንፋን አልያዘውም ነበር አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለታችን መኪናውን ልናስቆም አስፋልቱ ላይ ወጥተን ጠበቅን። ሙባረክ እጇን ይዟል። ሚኒባሱ ሲመጣ ግማሹ በልጆች ተሞልቷል። ሹፌሩ ለጋ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ። አሸዋ ውስጥ የከተታቸው ሹፌር ነኝ፣ ማን ያምነኛል? በሩን ያዝኩ። በእውነት ጥሩዬ፣ ምን እንደምል ሳላስብ ከአፌ የወጣው ያንቺ ነው። «ፍሬኑ ደህና ነው ወይ?» አልኩት።

ልጁ አልሳቀም። ወደ ልጆቹ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ልጆቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አክስቴ ናት ዋሴ» አለኝ።

አክስቱ! እኔ ጌታቸውን፣ እሱ አክስቱን። የአቶ በላይ መኪና ፍሬኗ ይኸው ዋስ ነበር ለካ፤ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ ቁልቁለቱን ታወርደናለች። የሹፌሩን እጅ ያዝ አደረግኩት። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ልጆቹን አንድ በአንድ አወረድናቸው። ሐያት እዚያው ቆማ ለእናቶቹ ደወለች፤ እየሮጡ መጡ፣ አንዷ ስሊፐር እንዳደረገች። ሹፌሩ በራሱ አፍ ነገራቸው። ከኋላ ጎማ በኩል የሚያንጠባጥበውን ዘይት ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱ አባት ጣቱን ነክሮ አሸተተው፣ ከዚያ የራሱን ልጅ አቅፎ ሄደ።

መኪናው ቆሟል። እኔ ግን አልተገላገልኩም። አቶ በላይ ለጌታቸው ደውሎለታል። ጌታቸውም «ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» ብሎኛል፣ ድምፁ ደረቅ ነው፣ እንደ ወትሮው ሶስናን ስጠኝ እንኳ አላለም። ይህን የምጽፍልሽ እሱን እየጠበቅኩ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እነሳለሁ። ቢሰድበኝ ይስደበኝ፣ የምፈራው ቢያለቅስብኝ ነው። አምኖ ነበር የፈረመልኝ። ምን ልበለው? እህትህ ብትሆን ትወርድ ነበር፣ እለዋለሁ። ሌላ የማውቀው ቃል የለኝም። ክስም ከመጣ አብሬው እቆማለሁ፣ የሐያትም ቤት፣ የእናቶቹም ቤት አብረውን እንደሚቆሙ ጠዋት ነግረውኛል። ሰው ጠዋት ያለውን ማታ ይረሳል ብዬ ደግሞ እፈራለሁ። ይኸው እንግዲህ፣ አንዴ ከገባ አይወጣም ይህ ፍርሃት። አንቺ ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነበር እንዴ ከኔ ጋር የኖርሽው?

መቃብርሽ ላይ አበባ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ አበባ እንደማትወጂ አውቃለሁ። የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። ነገ ሶስናን ይዤ ታክሲ ስሳፈር በሩን ይዤ እቆማለሁ። ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ። ረዳቱ ይስቃል፣ ሰዉ ይስቃል፣ ልጅሽም እጄን እየጎተተች «አባዬ ተው እንጂ፣ ሰው እያየን ነው» ትለኛለች። ትፈርብኝ። እኔም ባንቺ አፍሬ ነበር።

ባልሽ