የቦና ወላጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለቶሌራ፤

ከነቤተሰብህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ዲላ ተመስገን አለን። ዘንድሮ ዝናቡ አላሳፈረንም፤ ቡናውም ጥሩ ፍሬ ይዟል።

ለልጅህ ሠርግ ስላልመጣሁ አትቀየመኝ። ጎረቤቴ ፈይዛ «ጋሼ እስክንድርን እኔ እጠብቅልሻለሁ፣ ሂጂ» ብላኝ መናኸሪያ ደርሼ ነበር። መኪናው ሳይሞላ ደወለችልኝ። ባለቤቴ ሱፉን ለብሶ «ተማሪዎቼ ቆመው እየጠበቁኝ ነው!» እያለ የግቢውን በር ይደበድባል። ሁለታችንም ከማስተማር በጡረታ ከተገለልን ስንት ዘመናችን!

ተመለስኩ። ሲያየኝ ረጋ አለና በአንቱታ ጠየቀኝ።

«ይቅርታ፣ የማን ወላጅ ነዎት?»

«የቦና» አልኩት።

«ቦና ጎበዝ ልጅ ነው። ዛሬ ለምን ቀረ?»

ልጃችንን አምና በገዛ እጁ አፈር አልብሶታል፤ እንዴት እንደ አዲስ ላርዳው?

«ትንሽ አሞት ነው፣ መምህር።»

«ነገ እንዲመጣ ይንገሩት» ብሎ ተቀመጠ። በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ገበያም የምትወጣልኝ ፈይዛ ናት።

ሙሽሮቹን ሳምልኝ፤ ትዳራቸውን ይባርክላቸው። አንተም ፋሲካን ሳትጠብቅ ብቅ በል። ስትገባ ግን ስምህን ቀድመህ ንገረው።

ናፋቂ እህትህ ገበያነሽ