ስለ ሰባቱ የትንባሆ ቤት ወንበሮች

ሞንቴሶርቦ፣ ጥር 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.

ለክቡር ዶክተር ሬሞ ጋሌፊ፣ የሞንቴሶርቦ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሳንባዎ የጠራ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይም የሚቀመጡበት ወንበር የሚመች ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኤርሜቴ ባልዳሲኒ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በፒፓ ፋብሪካው እንጨት ስጠርብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በአደባባዩ ጥግ ባለው የሲኞራ ኢልዴ ትንባሆ ቤትም ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ባለቤት የነበርኩ ነኝ። የነበርኩ ማለቴ ክቡርነትዎ ባለፈው ወር ባወጡት ትእዛዝ ሰባቱም ወንበሮች በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ተጭነው ስለ ሄዱ ነው። ትእዛዙ ለአየሩ ንጽሕና ሲባል ደንበኛ የፈለገውን ገዝቶ ወዲያው እንዲወጣ ይላል። ለጤናችን ስላሰቡልን እጅግ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልተለየ ነገር እንደማያነቡ ስለ ሰማሁ ነው።

አንደኛ፣ “ወዲያው” ስለሚለው ቃል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ፓኬቱን ተቀብሎ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ፒፓ የሚያጨስ ግን ትንባሆውን ማሽተት፣ ርጥበቱን በጣቱ መሞከር፣ ከጓደኛው ከረጢት ቆንጥሮ መቅመስ፣ ከዚያም የጓደኛውን ምርጫ ማጣጣል አለበት። ፋርማሲስቱ ኔሎ “ይሄን የፈረስ ጭራ ደግሞ ከየት አመጣኸው?” ሳይለኝ፣ እኔም “የአንተ አፍንጫ ከመድኃኒት ሌላ ምን ያውቃል?” ሳልለው የገዛሁት ትንባሆ አልነበረም። ይህ ሥርዓት ሲጠናቀቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። አሁን እሱም ቆሞ ይገዛል፣ እኔም ቆሜ እገዛለሁ። ከገና ወዲህ ኔሎን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ባርኔጣችንን አንስተን ተላለፍን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሲኞራ ኢልዴ። ባሏ ከሞተ በኋላ ምድጃውን የምታነደው ለእኛ ስትል ነበር። አሁን ካፖርቷን እንደለበሰች ቴምብርና ጨው ስትሸጥ ትውላለች። ባለፈው ማክሰኞ “ኤርሜቴ፣ እስቲ ትንሽ ቆየት በል፤ ማን ያይሃል?” አለችኝ። ቆየሁላት፤ ነገር ግን ቆመው የሚያወሩ ሽማግሌዎች ወሬያቸው ቶሎ ያልቅባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ብዕር ያስነሣኝ ዋናው ጉዳይ ኦሬስቴ ማሪኖኒ ነው። የቀድሞውን የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ያስታውሱታል። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ተያዘ፣ ግራ እግሩም ከዳው፤ አእምሮው ግን ደህና ነው፤ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ትንባሆ ቤት ውስጥ ማንም ኦሬስቴን ተናገር አላለውም፤ ፒፓ ጥርሱ መካከል ያደረገ ሰው ድሮም ግማሹን ጊዜ ዝም ነው። በፒፓው ጠረጴዛውን አንዴ ሲመታ አዎ፣ ሁለቴ ሲመታ አይደለም ማለቱ ነበር፤ በዚሁም ከኔሎ ጋር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲከራከር ይውል ነበር። ክቡርነትዎ ወንበሩን ሲወስዱበት፣ መቆም የማይችል ሰው ነውና ቤቱ ቀረ። ምራቱ ቤት ውስጥ ማጨስ አትፈቅድም፤ ፒፓውን ሞልቶ ሳይለኩስ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ንጹሕ አየርም በኦሬስቴ ስም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ትእዛዙ የወጣው “በደንበኞቹ በራሳቸው የጽሑፍ ጥያቄ” ነው ይላል። ይህን ስድብ አልታገሥም ብዬ ማዘጋጃ ቤት ድረስ መጥቼ ነበር። ባልደረባዎ ወረቀቱን በትሕትና አወጣልኝ፤ ስድስት ፊርማ አለበት። አራተኛው የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የታኅሣሥ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ የማጨስ ውድድር አለን። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ግራም ትንባሆና ሁለት ክብሪት ይታደላል፤ ፒፓው ሳይጠፋ እስከ መጨረሻ የቆየለት አንድ ክብ አይብ ይሸለማል፤ የተናገረ ይወጣል። ያው ባልደረባዎ የገባው በአርባኛው ደቂቃ ላይ ነበር፤ ሰዓት አመራረጡን ሳላደንቅ አላልፍም። ወረቀቱን በየተራ ፊታችን አደረገ። አርባ ደቂቃ የጠበቀውን ፍም ለአንድ ወረቀት ብሎ የሚያጠፋ ፒፓ አጫሽ በዚህ ከተማ አልተወለደም፤ ዓይናችንን ከፒፓው ሳንነቅል ፈረምን።

ኦሬስቴ ብቻ አነበበው። ከዚያም ጠረጴዛውን በፒፓው መታ፤ ሁለቴ፣ እንደገና ሁለቴ፣ እንደገና ሁለቴ፣ ፍሙ ጠረጴዛው ላይ እስኪበተን ድረስ። እኛ ሊያዘናጋን የፈለገ መሰለን። ውድድሩ ሲያልቅ ኔሎ “ተንኮለኛው ሽማግሌ፣ እኛን ሊያስት ብሎ የራሱን አጠፋ” አለና ሁላችንም ሳቅን፤ አይቡን ያሸነፍኩት እኔ ስለ ነበርኩ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ኦሬስቴ ባልደረባዎ ወደ ወጣበት በር ደጋግሞ ሲያመለክት ደግሞ ደክሞት ነው ብለን ካፖርቱን አልብሰን ወደ ቤቱ ወሰድነው።

ፊርማዬን እንድሰርዝ ለምኜ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ቅጽ እንደሌለ ተነገረኝ። ስለዚህ ትእዛዙን ይሻሩልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ እንደማይሽሩት አውቃለሁ፤ ቢሽሩትም ኢልዴ እስከ ፋሲካ ሱቁን ልትዘጋ ወስናለች።

በክቡርነትዎ ጥረት በጠራው አየር ውስጥ፣ መቀመጫ ስለሌለ የኢልዴን ባንኮኒ ተደግፌ ቆሜ ይህን የጻፍኩ፣ ታዛዥ ፈራሚዎ፣

ኤርሜቴ ባልዳሲኒ

ማስታወሻ፦ ትናንት የወረቀቱን ግልባጭ ይዤ ኦሬስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ይቅር ትለኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ፒፓውን አንሥቶ የአልጋውን ብረት ሁለቴ መታ። ክቡርነትዎንስ ብዬ ጠየቅሁት፤ ለእርስዎ ፒፓውን ለማንሣት እንኳ አልደከመም።