የ«በ» ቀኝ እግር

ሰኞ፣ የካቲት 5/93፣ ጠዋት 3፡30

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። «የውዱእ ቦታ» ብዬ፣ የሶላት መታጠቢያው ላይ፣ ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደረደረ። ደገምኩ። ያው ነው። ይሄ የንድፍ ፕሮግራም አማርኛ አያውቅም፣ አለቀ።

ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ። ባለቢሮው ኢንጂነር፣ በዕድሜ የማንሰው እንዳይመስልሽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይጽፍ የለ፣ አንቺን ምን ለየሽ አለኝ። ንድፉ እኮ የኮምቦልቻ መስጂድ ነው፤ የሚያዩት ሽማግሌዎች ናቸው! 11 ዓመት የዚህን ቢሮ ንድፍ በቀለም ብዕር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴን ደሴ ሁሉ ያውቀዋል። የ«በ»ን ቀኝ እግር ረዘም አድርጌ እዘረጋታለሁ፤ ዘነበች በሚለው ስሜ ውስጥ ስላለች ነው መሰል። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ግን ብዕሬ ደርቋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 7፣ ከሰ. 11

ኮ/ቻ ወርደን ተመለስን። የመስጂዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሼህ እንድሪስ መነጽራቸውን አደረጉ። ይሄ ምን ይላል አሉ። ኢንጂነር አነበበላቸው። ይሄስ? አነበበ። አራተኛው ላይ ንድፉን አጥፈው አስቀመጡት። ሕዝቡ በጉን ሸጦ፣ ማሽላውን ሰፍሮ ያዋጣበት ነው፤ ያላነበብኩትን አልፈርምም አሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በአማርኛ ይቅረብ፤ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ቢሮ ይሰጣል።

በእጄ ልሙላው አልኩ። ኢንጂነር አሻፈረኝ አለ። የማሽን ንድፍ ላይ ብዕር ድሪቶ ነው፣ ደግሞስ በተቀየረ ቁጥር ልትጽፊ ነው? የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ማርሹን እያየ፣ ይሄ ሥራ ከሄደ አንድ ድራፍትማን ይበቃኛል አለ። ሁለት ንድፍ ሠሪዎች ነን። ሌላው ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ልጅ እግር ነው። የትኛችን እንደምትሄድ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ጽሕፈት ቤት ከምትሠራው ጓደኛዬ የአማርኛ ፊደል በፍሎፒ አመጣሁ። ጫንኩ። ደብዳቤ መጻፊያው ላይ ቁጭ አለ! ንድፉ ላይ ባዶ ሳጥን። አለቀስኩ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ የፕሮግራሙን መመሪያ ገለጥኩ፣ መዝገበ ቃላት ከጎን። ለካ ፕሮግራሙ የራሱ ፊደል አለው። ለካ እያንዳንዱ ፊደል የብዕር መንገድ ነው! ብዕር አውርድ። ወደ ታች ሦስት። ወደ ቀኝ ሁለት። ብዕር አንሳ። ይሄው ነው፣ በቁጥር ተጽፎ። እሰይ! ይሄማ የኔ ሥራ ነው። እጄ 11 ዓመት ሲሠራው ኖሯል፤ ቁጥሩን ብቻ ነው ያልነገሩት።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ሁዳዴ ገባ። የሰማዕታት ቀንም ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፤ ዘበኛው ጋሼ ይመር ከፈቱልኝ። ሁሉም ፊደል አያስፈልግም፣ ንድፉ ላይ ያለው ብቻ። ለቀምኩ፦ 58። ካሬ ወረቀት ላይ ሳልኩ፣ ወደ ቁጥር ቀየርኩ፣ አስገባሁ። 1ኛ ሙከራ፦ «ው» ተዘቅዝቃ ቆመች። 2ኛ፦ ሆዷ ክፍት። 3ኛ፦ ቀጥ! የኔው «ው»፣ የእጄ! እልል አልኩ። ጋሼ ይመር ዱላቸውን ይዘው ዘው አሉ። እባብ ነው ወይ አሉ። ፊደል ነው አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

58ቱም አለቁ። ኢንጂነር ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ቆሞ አየ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የኔንም ስም በአማርኛ አድርጊልኝ! ሳቄን ዋጥኩ። አደረግኩለት።

ዓርብ፣ የካቲት 16፣ ከሰ. 12

ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ሼህ እንድሪስ ጮክ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ራሳቸው አነበቡ። የውዱእ ቦታ። ማሻአላህ። የሴቶች መስገጃ። ማሻአላህ። ደረቴ ሊፈነዳ ነው። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«የወንዶች... ባር?»

መስጂድ ውስጥ ባር! «በር» ነበር ያልኩት፤ ያቺ የምዘረጋት ቀኝ እግር ናት! በትልቁ ታምራለች፤ አንሳ ስትታተም ግን «በ» «ባ» ሆና አረፈችው። ዓይኔ የራሴን እጅ ስለለመደ አላየሁም። ሰባት በር፣ ሰባት ባር። ምነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

አንዱን ሽማግሌ ሳቅ አፈናቸው። ከዚያ ሁሉም። ሼህ እንድሪስ እንባቸውን እየጠረጉ፦

«አብሽሪ ልጄ። በእንግሊዝኛ ቢሆን እኮ ባሩ ተሠርቶ ነበር የምናየው!»

ስንት ቀን ይፈጃል አሉ። ድሮ ቢሆን በምላጭ ፍቀት፣ እንደገና መጻፍ፣ ሳምንት። የዐስር ሶላት ሰግደው ሲወጡ እደርሳለሁ አልኩ። ኢንጂነር አፈጠጠብኝ። ደሴ ወጣን። አንዲት እግር፣ አንዲት ቁጥር አሳጠርኩ። ሰባቱም ባር ባንዴ በር ሆነ! የበሮቹን ሉህ አትመን ወረድን። ሼሁ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደረስን። አነበቡ። ፈረሙ።

የማን እጅ ጽሕፈት ነው አሉ። ልመልስ ስል ኢንጂነር ቀደመኝ።

«የሷ ነው። የዘነበች።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 17

የፊደሉ ፋይል ስም ፈለገ። ከ8 ፊደል አያልፍም፣ ያውም በላቲን። ስሜን በጣቴ ቆጠርኩ፦ ልክ ስምንት! አስቀመጥኩት። ከእንግዲህ ማን ያስወጣኛል? ያኛውን ልጅም አስተምሪው ተብያለሁ፤ አስተምረዋለሁ።

ሌላም አለ። ደሴ ዙሪያ አንድ ቤ/ክ ሊሠራ ነው፤ ወሬው ደርሷቸው ቄሱም ራሴ ካላነበብኩ አልፈርምም ብለዋል። ፊደሎቼን ባይ «ጸ» የለኝም። መስጂዱ ሶላት እንጂ ጸሎት መች አለኝ! እንግዲያው ወስኛለሁ፦ ሙሉ ፊደሉን፣ አንድም ሳይቀር። ካሬ ወረቀቱ ፊቴ ነው። «ጸ»። ብዕር አውርድ፣ ወደ ታች