የታንኳዋ ዳስ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለየሺመቤት፣ ካለሽበት ቤይሩት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እመቤትሽ አሁንም ምንጣፉን በደረጃው ሽቅብ ታሸክምሻለች? እኛ ለክፉ አይሰጠንም፤ እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ናፍቆትሽ ግን እንዳለ ነው። ስምሽ ሳይነሣ ምሳ በልተን አናውቅም።

ግድቡ ውሃውን ወደ እኛ መመለሱን ጽፌልሽ ነበር። ተከዜ ዛሬ ወንዝ አይደለም፤ እንጨት ትለቅሚበት የነበረው ቆላ ሁሉ ሐይቅ ሆኗል። ከሐይቁ ጋር አዞ ደጃችን ድረስ መጣ። ክረምቱ ሲወጣ የእናታችንን መሪ ፍየል ውሃ ስትጠጣ ወሰዳት።

እኔ ደግሞ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። አብሮ አደጌ ምትኩ ባሕር ዳር የጭነት መኪና ረዳት ሆኗል፤ ለእኔም ቦታ ይዞልኛል። እናታችን ግን፣ አንዷን ልጄን ለባሕር ማዶ ሰጥቻለሁ፣ ይህ አውሬ ደጄ ተኝቶ አንተም ጥለኸኝ አትሄድም አለች። አዞው በሞተ ማግሥት መርቄ እሸኝሃለሁ ብላ በኪዳነ ምሕረት ማለችልኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

አዞ ደግሞ ከዳር ሆነው አይመቱትም፤ የሰው ጥላ ካየ ይጠልቃል። ስለዚህ ከጣና የመጡት አሣ አስጋሪዎች ትንሿን ታንኳቸውን አዋሱኝና ላይዋ ላይ ማድቢያ ዳስ ልሠራ ጀመርኩ። እኔ የማውቀው የማሽላ ማማና የፍየል ጉሮኖ ነው። ታንኳዋንም እንደዚያው አደረግኋት። ባላ አቁሜ ዙሪያዋን በለምለም ግራር ሸፈንኩ፤ ለጅብ እንደምናደርገው በሩን በእሾህ ዘጋሁ። ጮኻ አዞውን እንድትጠራልኝም አንዲት ግልገል ይዤ ገባሁ። የአስጋሪዎቹ አለቃ ሙላው አይቶ፣ ልታድን ነው ወይስ ጎጆ ልትወጣ እያለ ሳቀብኝ።

ሳቁ በኋላ ነው የገባኝ። ግልገሏ ምን ሆና ትጮኻለች? የተደበቅሁበትን ግራር ስትሸመጥጥ ዋለች። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ዳሱ ታንኳዋን እየጎተተ መሀል ሐይቅ ወሰደኝ። መቅዘፊያ የማወጣበት ቀዳዳ አልተውኩም፤ በሩን ልክፈት ብል እሾሁ እጄን ቦጫጨረው፣ ብነሣ ታንኳዋ ልትገለበጥ ነው። እመቤትሽ ስትወጣ በሩን ከውጭ እንደምትቆልፍብሽ፣ መንገዱንም በመጋረጃ ስንጥቅ እንደምታዪው የጻፍሽው ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ሲመሽ ሙላው በሌላ ታንኳ መጥቶ ጎትቶ አወጣኝ።

ሁለተኛውን ዳስ ፍየል ከማትቀምሰው ከቅንጭብ ሠራሁት፤ ዝቅ ያለ፣ ከኋላው ክፍት። ግልገሏን ዳር ላይ አሰርኳት። ማለዳ አዞው ብቅ ሲል በአባታችን ምንሽር ዓይኑ ሥር አገኘሁት። አገሬው በገመድ ስቦ አወጣው፤ እልልታው ቀለጠ። ሆዱ ሲቀደድ የመሪዋ ፍየላችን ቃጭል ከውስጡ ወጣ።

እናታችን ጎንበስ ብላ አነሣችው። አገላብጣ አየችውና፣ ይህ የእኛ አይደለም፣ የእኔን ፍየል የበላው ሌላ ነው፣ ገና ውሃው ውስጥ አለ አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በማግሥቱ ጨው ላመጣ ጓዳ ስገባ ቃጭሉን በአንቺ የልጅነት ቀሚስ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አባታችን በቢላ የጫረበት መስቀል ጠርዙ ላይ አለ። እንደነበረ መልሼ ጠቀለልኩት።

ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። ምትኩ እስከ ገና ካልመጣህ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ልኮብኛል። ግን በምን አፌ ዋሸሽ ልበላት? በሐሰት ምላ እንደማታውቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማር ከተገኘ ለእኔ ነው፤ ዓይኔን ግን አታየኝም። የፊታችን ቅዳሜ የሌለ አዞ ላደባ ታንኳዋ ላይ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም እንዲሁ።

ስትጽፊ ስለ አዞው አንዳች እንዳታነሺ አደራ። ደብዳቤሽን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

አክስታችን አመተ ማርያም ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላትን ሻሽ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምታስረው። ጎረቤታችን ገብረ ሊባኖስ ከነቤተሰቡ ሰላም ይልሻል። እዚያ አብራሽ ላለችው ለመሰረትም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ፣ ምን ብለህ ነው ይህን ያህል የምትጽፍላት ትለኛለች። ስለ አዞው ነው አልኳት። ገና እንዳልሞተ ንገራት አለችኝ።

ወንድምሽ ቢያዝን
ዝቋላ፣ ከጽጽቃ በታች
ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.